የእንግሊዝ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) መጣልኝ፤ አባቴ ደግሞ «ቤቱን ላሲዝልሽ» ይላል። ምን ላድርግ?

ሜክሲኮ_አደባባይ
ግንቦት 10፣ 2017፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ለዓመታት እዚህ አንባቢ ነኝ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሕግ የጨረስኩት በ2010 ነው። ከዚያ ወዲህ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሜክሲኮ አካባቢ በሆነ ባንክ ነገረ ፈጅ ነኝ። በአብዛኛው የምሠራው ብድር ማስመለስ ላይ ነው። ሥራው አይከፋም። ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ የሚያርፈው ወረቀት እየተለወጠ ነው። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የፈቀደው አዋጅ ታኅሣሥ ላይ ከጸደቀ በኋላ የአለቆቻችን ወሬ ሁሉ ሌላ ሆነ። ባለ 80 ገጽ የብድር ውል ይመጣል። የሚዳኘው በእንግሊዝ ሕግ፣ ክርክሩ የሚታየው ለንደን በግልግል። አንብቤ የሚገባኝ ግማሹ ነው። ይህን ስል አላፍርም፤ ስንማር ማን አስተማረን?

እናም ባለፈው ጥቅምት ለማንም ሳልናገር እንግሊዝ ላሉ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ለዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ አመለከትኩ። አንዱ ተቀበለኝ። ከለንደን ውጪ ነው። የዓመቱ ክፍያ 24,500 ፓውንድ ነው፤ 2,000 ቀንሰውልኝ 22,500። እስከ ሰኔ 23 ድረስ 3,000 ፓውንድ ቅድሚያ ካልከፈልኩ ቦታው ይሄዳል።

አባቴ ጡረተኛ ነው። ቀበና ያለችው ቤታችን ካርታ አላት። ደብዳቤውን ካነበብኩለት ቀን ጀምሮ «አስይዘን እንበደር፣ ስትመለሺ ትከፍይዋለሽ» ይላል። ካርታውን ከሳጥን አውጥቶ በፌስታል ጠቅልሎ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠው ሁለት ሳምንት ሆነው። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያየኛል። ካርታው ማለቴ ነው፣ አባቴማ ቴሌቪዥን ነው የሚያየው።

ቨርጂኒያ ያለው አጎቴ ደግሞ «የባንክ ስቴትመንቱን ለኔ ተይው» ብሏል።

የሄዳችሁ፣ ሄዳችሁ የተመለሳችሁ፣ ያልሄዳችሁም ብትሆኑ፣ እባካችሁ በግልጽ ንገሩኝ። ልሂድ?

ጤፍ_ብድር
ግንቦት 10፣ ከምሽቱ 3፡41

ስሜን አንብቢው። መልሴ እሱ ነው።

የካርዲፍ_ዝናብ
ግንቦት 11፣ ከጠዋቱ 1፡15

እንኳን ደስ አለሽ። ይህን ሳይሉ ወደ ሒሳብ የሚገቡ ሰዎች ስለሚያናድዱኝ ነው ያስቀደምኩት።

እኔ በ2014 ሄጄ በ2015 ጨርሼ ተመልሻለሁ። የከፈለልኝ ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። በሰው ገንዘብ የተማረ ሰው ምክር መሆኑን አውቀሽ ስሚኝ።

መጀመሪያ የአጎትሽን ነገር። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን የሳቸው ስቴትመንት ለዚህ ቪዛ አይሠራም። ለእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ የሚታየው ባንቺ፣ በእናት በአባትሽ ወይም በሕጋዊ አሳዳጊሽ አካውንት ያለ ገንዘብ ነው። አጎት፣ አክስት፣ ወንድም፣ የክርስትና አባት የሉበትም። በአባትሽ ስም ከሆነ የልደት የምስክር ወረቀትሽን ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ፣ ከሳቸው የፈቃድ ደብዳቤ ጋር ታያይዣለሽ። አጎትሽ ሊረዱሽ ከፈለጉ ገንዘቡን ወዳንቺ ወይም ወደ አባትሽ ይላኩት። ከዚያ 28 ተከታታይ ቀን ሳይነካ ይቀመጣል። አንድ ቀን ከሚፈለገው በታች ከወረደ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አንድ ጓደኛዬ በ26ኛው ቀን ለእኅቱ ሠርግ ብሎ ትንሽ አወጣ። ሠርጉ አማረ።

ስንት ይቀመጥ? ያልከፈልሽው የትምህርት ክፍያ፣ ሲደመር ከለንደን ውጪ ለኑሮ በዘንድሮው በ2017 ተመን በወር 1,136 ፓውንድ ለ9 ወር። ይህ ብቻውን 10,224 ነው። ከ22,500 ጋር 32,724። ፓውንዱ ዛሬ ባንክ 175 ብር አካባቢ ነው። ወደ 5.7 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። የቪዛው ዘንድሮ 524 ፓውንድ አለ። የጤና ክፍያ የሚሉት በዓመት 776 ነው፤ የአንድ ዓመት ማስተርስ ቪዛ ከ12 ወር ስለሚያልፍ 1,164 ይሆናል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም አለ፤ እዚሁ አዲስ አበባ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ክሊኒክ ነው የሚደረገው። አውሮፕላን አልቆጠርኩም። ካፖርትም አልቆጠርኩም፤ ካፖርት ግን መርካቶ ግዢ፣ እዚያ እንዳትገዢ።

ገንዘቡ በብር ቢቀመጥም ይቀበላሉ፤ የሚመነዝሩት በማመልከቻሽ ቀን ዋጋ ነው። በ2016 ሐምሌ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት 100 ሲያልፍ፣ ልክ ልኩን አስቀምጠው የነበሩ ልጆች ምን እንደሆኑ አስቢው። ስለዚህ ጠርዝ ላይ አትቁሚ።

ልሂድ ወይ ላልሽው አሁን አልመልስም። መጀመሪያ ይህን ዋጪው።

ሂጂ_በቃ
ግንቦት 11፣ ከጠዋቱ 3፡02

ሰው እንዴት እንደሚያስፈራራ! እህቴ፣ ሂጂ። ቤት ይመለሳል፣ ዕድሜ አይመለስም። እዚያ እየሠራሽ በስድስት ወር ትከፍይዋለሽ። ከዚያ ደግሞ ማን ይመለሳል?

የካርዲፍ_ዝናብ
ግንቦት 11፣ ከጠዋቱ 4፡30

@ሂጂ_በቃ ወንድሜ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ተማሪ በትምህርት ወቅት የሚፈቀድለት በሳምንት 20 ሰዓት ነው። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ2025 እንደ ፈረንጅ ሚያዝያ ጀምሮ 12.21 ፓውንድ ነው። 20 ሰዓት ሙሉውን ብታገኝ በሳምንት 244። ይኸው ነው። ከዚያ የቤት ኪራይ አለ፣ ምግብ አለ፣ አውቶቡስ አለ። እኔ ስኮላርሺፕ እያለኝ ኅዳር ላይ ዳቦና እንቁላል ነበር የምበላው።

ከተመረቀች በኋላ ለሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ መሥራት የሚያስችል ቪዛ አለ፣ እውነት ነው። እሱንም ወደ 18 ወር እናወርደዋለን ብለው በዚህ ወር መጀመሪያ አሳውቀዋል። ከዚያ በኋላ ለመቆየት ስፖንሰር የሚያደርግ ቀጣሪ ያስፈልጋል። ዋናው ደግሞ ይሄ ነው፦ እንግሊዝ ውስጥ ኤልኤልኤም ጠበቃ አያደርግም። እዚያ የጥብቅና በር ከ2021 እንደ ፈረንጅ ጀምሮ ኤስኪውኢ የሚባል ፈተና ነው። ሁለት ደረጃ አለው፣ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድም ይፈልጋል። ኤልኤልኤም ይኑራት አይኑራት አይጠይቁም። ብዙ ልጅ ይህን የሚያውቀው ከተመረቀ በኋላ ነው።

ሜክሲኮ_አደባባይ
ግንቦት 11፣ ከቀኑ 7፡10

ምሳ ሰዓት ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። የአጎቴን ነገር አላውቅም ነበር። ማታ እደውልለታለሁ። ይከፋዋል።

ጥብቅና እዚያ አልፈልግም፤ ተመልሼ ነው መሥራት የምፈልገው። ግን ያልነገርኳችሁ አለ። ልጅ አለችኝ፣ አራት ዓመቷ ነው። እንደምንም ይዣት እሄዳለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

የካርዲፍ_ዝናብ
ግንቦት 11፣ ከቀኑ 7፡33

ይህንን ነበር መጀመሪያ መናገር የነበረብሽ! ከ2024 እንደ ፈረንጅ ጥር ወዲህ በግሉ ከፍሎ ማስተርስ በኮርስ የሚማር ሰው ልጅም ባልም ይዞ መግባት አይችልም። የተፈቀደው ለምርምር ተማሪዎች ነው፤ እንዲሁም በመንግሥት ስኮላርሺፕ ከስድስት ወር በላይ ለሚማሩ። ያው ለልጅሽ ወጪ ስኮላርሺፑ አይከፍልም፣ ግን በሩ አይዘጋም።

ማለትም አባትሽ ቤቱን አስይዘው ቢልኩሽ ልጅሽ እዚህ ትቀራለች።

ጤፍ_ብድር
ግንቦት 11፣ ከቀኑ 8፡00

ቆይ ቆይ። «የምሠራው ብድር ማስመለስ ላይ ነው» አላልሽም? አዋጅ 97/90ን በቃልሽ የምታውቂ ሰው ነሽ እኮ! ተበዳሪው ካልከፈለ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል። ያቺን ደብዳቤ የምትጽፊያት አንቺ ነሽ። ለቀበናዋ ማን ሊጽፋት ነው?

ሜክሲኮ_አደባባይ
ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 4፡05

@ጤፍ_ብድር ይህን ካነበብኩ በኋላ ሙሉ ከሰዓት ሥራ አልሠራሁም።

ባለፈው ወር አንድ አባት ቢሮ መጡ። ልጃቸው በጋራዥ ንግድ ተበድሮ ቤታቸውን አስይዘውለት ነበር። ማስጠንቀቂያውን ሰጠኋቸው። አላነበቡትም። አራት አድርገው አጠፉት፣ ኮታቸውን ገለጥ አደረጉ፣ በውስጥ ኪስ ከመታወቂያቸው ጋር ከተቱት። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለውኝ ወጡ። የምስጋና ደብዳቤ የሰጠኋቸው ይመስል።

አባቴም እንዲሁ ነው የሚያጥፈው። ወረቀት ሁሉ አራት ነው የሚያደርገው።

ልደታ_ችሎት
ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 12፡40

ልጄ፣ ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ 27 ዓመት ተመላልሻለሁ። አስተያየቴ የሽማግሌ ነው፤ ወጣቶቹ ያርሙኛል።

በነዚህ ዓመታት ዳኛ «ኤልኤልኤምህን ከየት አመጣህ» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። መዝገቡን ነው የሚያየው። ስለዚህ ለችሎት ክርክር ብለሽ ከሆነ ቤትሽን ተይው፣ ቀበናም ትቀመጥ።

ግን ያነሳሽው የ80 ገጽ ውል ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ስጀምር ያልነበረ ገበያ ነው። ኢትዮጵያ የኒውዮርኩን የግልግል ስምምነት የተቀበለችው በአዋጅ 1184/2012 ነው። ቀጥሎ የግልግል አዋጁ 1237/2013 መጣ። በዚያው ዓመት የ1952ቱን የንግድ ሕግ የቀየረው 1243 ወጣ፤ ጠበቆች ተሰባስበን ድርጅት እንድናቋቁም የፈቀደው 1249ም ወጣ። አሁን ቢሮዬ የሚመጣ ደንበኛ ከሦስት አንዱ የውጭ ውል ይዞ ነው። እኔ ለወጣቶቹ አሳልፌ እሰጣለሁ፤ ዓይኔም ቋንቋዬም አይችለውም። ይህን የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ፍላጎትሽ ትክክል ነው።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ባንክሽ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሰጥቶ ወንበርሽን ያቆይልሻል? በጽሑፍ ጠይቀሻል? ይህን የማይጠይቅ የሕግ ባለሙያ አየሁ ብዬ እንዳልናገር።

በነገራችን ላይ፣ ስድስት ኪሎ የሕግ ትምህርት ቤቱ በ1956 ሲከፈት ዲኑም አብዛኞቹ መምህራንም የውጭ ሰዎች ነበሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ናቸው። ያኔ ውጭ አገሩ ራሱ ተነስቶ ወደኛ መጥቶ ነበር። ዛሬ ተራው የናንተ ሆነ።

ሜክሲኮ_አደባባይ
ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 2፡15

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በጽሑፍ አልጠየቅኩም። የክፍል ኃላፊዬ በቃል «ችግር የለም» ብሎኛል። አሁን እርስዎ ሲሉኝ አፈርኩ፤ ደንበኛ እንዲህ ብሎኝ ቢመጣ «በቃል ማለት ምን ማለት ነው» ብዬ ነበር የምቆጣው።

አወያይ
ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 5፡00

«ስቴትመንት እናዘጋጃለን፣ ቪዛ ሳይወጣ ክፍያ የለም» የሚል ማስታወቂያ ከዚህ ክር ላይ አጥፍቻለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ነው። የለጠፈው አባል ታግዷል።

የካርዲፍ_ዝናብ
ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 5፡20

@አወያይ ተባረክ። ለሚያነቡ ሁሉ፦ የተጭበረበረ ስቴትመንት ይዞ የተገኘ ሰው ቪዛው መከልከሉ ብቻ አይደለም። እስከ 10 ዓመት ድረስ እንዳያመለክት ሊታገድ ይችላል። ደላላው ስልክ ቁጥሩን ይቀይራል፤ ያንተ ፓስፖርት ቁጥር ግን መዝገባቸው ላይ ይቀራል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ግንቦት 13፣ ከንጋቱ 11፡50

እዚህ ማታ ነው። አሜሪካን ማንም አላነሳ ብሎ እየገረመኝ አነበብኩ።

ከስቴትመንቱ ልጀምር። እዚህ አገር አጎት ይሠራል። ስፖንሰር አደርጋታለሁ ብሎ ፈርሞ ባንኩን ቢያሳይ ትምህርት ቤቱ ተቀብሎ ፎርሙን ይልካል። ዋጋው ግን! ለአንድ ዓመት ኤልኤልኤም ክፍያው ብቻ ከ70 ሺህ ዶላር የሚያልፍ ትምህርት ቤት አለ። ርካሽም አለ፣ ቅናሽ የሚሰጥም አለ፤ መጻፍ ነው፣ መከራከር ነው። ፈረንጅ ለቅናሽ ሲጠይቁት አይቀየምም። እኔ ሁለት ኢሜይል ጽፌ አንድ ሦስተኛውን አስቀንሻለሁ።

የዚህ አገር ልዩነት ኤልኤልኤሙ በር መክፈቱ ነው። ለኒውዮርክ የጥብቅና ፈተና የኛ የአምስት ዓመት ዲግሪ በርዝመቱ ይበቃል። ጉድለቱ የኮመን ሎው፣ ማለትም በቀድሞ ፍርዶች ላይ የቆመው የእንግሊዝና የአሜሪካ ሥርዓት፣ አለመሆኑ ነው። እሱን በኤልኤልኤም ትሞያለሽ፦ ቢያንስ 24 ክሬዲት፣ በአካል ክፍል ገብተሽ፣ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ዕውቅና በሰጠው ትምህርት ቤት። ኮርሶቹም የተወሰኑ ናቸው፤ የሥነ ምግባር ኮርስ፣ የምርምርና የጽሑፍ ኮርስ፣ ፈተና ላይ ከሚመጡ ትምህርቶች 6 ክሬዲት። መስከረም ላይ በዘፈቀደ የመረጠ ልጅ ሚያዝያ ላይ ያለቅሳል። አይቻለሁ። ከዚያ ሁለት ቀን ፈተና ነው፣ 200 ምርጫ ጥያቄ አለበት። ብታልፊም 50 ሰዓት ነጻ የሕግ አገልግሎት ሳትሰጪ ቃለ መሐላ አትፈጽሚም።

እኔ በሁለተኛው ነው ያለፍኩት። ካለፍኩ በኋላስ? ስምንት ወር ምድር ቤት ውስጥ ለሌሎች ጠበቆች ሰነድ ሳገላብጥ ነበር። ኢሜይል ማንበብ፣ «ተዛማጅ» ወይም «ተዛማጅ አይደለም» ብሎ መጫን። ቀኑን ሙሉ። የመጀመሪያ ቀን በክራቫት ሄድኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በነጠላ ጫማ ነበር። አሁን ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ግን ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩትን የካባ ፎቶ አይተሽ እንዳትወስኚ ብዬ ነው።

አንቺ ተመልሼ እሠራለሁ ካልሽ ግን ይህ ሁሉ ላያስፈልግሽ ይችላል።

ነጭ_ሽንኩርት
ግንቦት 13፣ ከቀኑ 6፡12

ትምህርቱ ራሱ ግን እንዴት ነው? ሁሉም ስለ ገንዘብ ነው የሚያወራው።

የካርዲፍ_ዝናብ
ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 2፡00

@ነጭ_ሽንኩርት ጥሩ ጥያቄ። የመጀመሪያ ጽሑፌን 58 ሰጡኝ። በኛ አገር 58 ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ክፍሌን ዘግቼ ለእናቴ ሳልደውል ዋልኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ እዚያ ማለፊያው 50 ነው፣ 60 ጥሩ ነው፣ 70 ካገኘህ ከፍተኛው ማዕረግ ነው። 90 የሚባል ነገር በዓመቱ አላየሁም።

58ቱን ያመጣው ግን እንግሊዝኛዬ አልነበረም። አንቀጽ ጠቅሼ፣ ምሁር ጠቅሼ፣ አሳምሬ ጨረስኩ። አስተማሪዋ ግርጌ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር ጻፈች፦ «አንተስ ምን ትላለህ?» አምስት ዓመት ሕግ ስማር ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ሴሚናር ላይም ያው ነው። 12 ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ለሳምንቱ 150 ገጽ አንብበህ መጥተሃል ተብሎ ይታሰባል። ዝም ማለት አይቻልም። እኛ ደግሞ ዝምታን ጨዋነት ብለን ነው ያደግነው። ጥር ላይ ነው አፌ የተፈታው።

አንድ የጠቀመኝ ነገር አለ። የፍርድ ጉዳይ ማንበብ ለኛ ባዕድ ነው ይላሉ። ልክ አይደለም። የሰበር ውሳኔ አስገዳጅ ከሆነ ከ1997 ወዲህ እኮ ሁላችንም የሰበር ቅጽ ስንቆፍር ነው የኖርነው። እሱን በደንብ የቆፈረ ሰው እዚያ አይቸገርም።

ፕሪቶሪያ_ነበርኩ
ግንቦት 14፣ ከጠዋቱ 4፡45

ውጭ ሲባል ሁሌ ፈረንጅ አገር ብቻ መሆኑ ይገርመኛል። ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብት ማዕከል የሚሰጠው ማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። አንድ ዓመት ነው፤ ግማሹን እዚያ ትማሪያለሽ፣ ለሁለተኛው ግማሽ አፍሪካ ውስጥ ወዳሉ አጋር ዩኒቨርሲቲዎች ትበተናላችሁ። ስድስት ኪሎም አንዱ ነው! ክፍላችን ውስጥ ለሴሚስተሩ አዲስ አበባ የደረሳት ኡጋንዳዊት ነበረች። እኔ ከአዲስ አበባ ወጥቼ ፕሪቶሪያ፣ እሷ በኔ ሰፈር በኩል ሽሮ እየበላች ፎቶ ትልክልኛለች።

ያንቺ መስክ ንግድ ስለሆነ ይህኛው ላይገጥምሽ ይችላል፤ ለሚያነቡት ብዬ ነው። የስዊድን መንግሥት ስኮላርሺፕም ኢትዮጵያን ያካትታል፤ 3,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የኮመንዌልዙን ግን አትልፊበት፣ አባል አገር አይደለንም። አንድ ወንድሜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞልቶት የአገር ዝርዝሩ ላይ ሲደርስ ነው የነቃው።

አሁን ስለ ወረቀት ላስጠንቅቅሽ። የወጪ መጋራትሽን ከፍለሽ ኦሪጅናል ዲግሪሽን አውጥተሻል? ስምሽ ዲግሪው፣ ፓስፖርቱና የእንግሊዝኛ ፈተናው (አይልሱ) ላይ በአንድ ፊደል አጻጻፍ ነው? የኔ ዲግሪው ላይ ሁለት «ኤስ» ፓስፖርቱ ላይ አንድ ነበር፤ ለአንዲት «ኤስ» ስንት ቢሮ እንደዞርኩ። ሪኮመንዴሽን የሚጽፍልሽ ሰው የመሥሪያ ቤት ኢሜይል አለው? የኔ መምህር ጂሜይል ብቻ ነበራቸው፣ ፎርሙ አልቀበልም አለ። ማኅተም አስመትተው ሰጡኝ። ለነሱ ማኅተም ምንም ማለት አይደለም፣ ለኛ ግን ያለ ማኅተም ደብዳቤ ደብዳቤ ነው? ደግሞ «በ2010 የተመረቀች» የሚል ወረቀት ካለሽ የዘመን አቆጣጠሩን አስጽፊ። እኔን ኢንተርቪው ላይ የሰባት ስምንት ዓመት ሥራ ፈት አድርገውኝ ነበር።

የካርዲፍ_ዝናብ
ግንቦት 14፣ ከምሽቱ 1፡30

@ሜክሲኮ_አደባባይ አሁን ልመልስልሽ። አትክፈዪ። ግን እምቢም አትበዪ። ለዩኒቨርሲቲው ጻፊና ቦታዬን ወደሚቀጥለው ዓመት አዛውሩልኝ በይ፤ ብዙዎቹ ያደርጉታል። ቼቭኒንግ ሐምሌ ማለቂያ ገደማ ይከፈታል፣ መስከረም ውስጥ ይዘጋል። የሚጠይቀው 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ነው፤ አንቺ ሰባት ዓመት አለሽ። ሦስት ኮርስ ታስመዘግቢያለሽ፣ አንዱ ይሄው ይሁን። ግዴታው ጨርሰሽ ለሁለት ዓመት አገርሽ መመለስ ነው፤ ያንቺ ዕቅድ ከመጀመሪያውም እሱ ነው።

ላታገኚው ትችያለሽ። እኔም በሁለተኛ ሙከራዬ ነው። ባታገኚው ያጣሽው አንድ ዓመት ነው፣ ቀበና ግን አለች።

ሂጂ_በቃ
ግንቦት 14፣ ከምሽቱ 1፡52

አንድ ዓመት ቀላል ነው የሚል ሰው ሰላሳ ያልሞላው ነው። ይቅናሽ ለማንኛውም።

ልደታ_ችሎት
ግንቦት 14፣ ከምሽቱ 2፡20

@ሂጂ_በቃ እኔ ስድሳ ሊሞላኝ ነው፤ አንድ ዓመት ቀላል ነው።

ሜክሲኮ_አደባባይ
ሰኔ 19፣ 2017፣ ከምሽቱ 3፡00

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ዜና ይዤ መጣሁ።

ዩኒቨርሲቲው በአራት ቀን መለሰ። ወደሚቀጥለው መስከረም አዛውረውታል፤ ክፍያው እንደ አዲሱ ዓመት ዋጋ ይሆናል ብለዋል። ባንኬንም በጽሑፍ ጠየቅኩ። መልሱ እስካሁን አልመጣም፣ የክፍል ኃላፊዬ ግን ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታው ቀዘቀዘ። ጋሼ፣ ገባኝ።

አጎቴ አልተከፋም። «እኔም በቤቴ ኤኪውቲ ልበደር አስቤ ነበር፣ ሚስቴ እምቢ ብላኝ ነው» አለኝ። በሁለት አህጉር ሁለት ቤት ላሲዝ ነበር ማለት ነው።

የከበደው አባቴ ነው። ኩራት ነው መሰለኝ። «የሰው ልጅ በቤቱ ካልተጠቀመ ቤት ምን ያደርጋል» አለ፣ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ስገባ ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ የለም። ምንም አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ጤፍ_ብድር
ሰኔ 19፣ ከምሽቱ 3፡08

ስሜን ልቀይር ነው።

ሜክሲኮ_አደባባይ
ነሐሴ 18፣ 2017፣ ከቀኑ 9፡25

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። ውጪው የነሐሴ ዝናብ ነው፣ አራት ኪሎ አይታይም። ቼቭኒንግ ከተከፈተ ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው። አራት ጽሑፍ ይጠይቃል፤ ሁለቱን ጽፌያለሁ። የአመራር ብቃትሽን አሳዪ የሚለው ላይ ተጣብቄያለሁ። ነገረ ፈጅ ማንን ይመራል?

የካርዲፍ_ዝናብ
ነሐሴ 18፣ ከቀኑ 9፡50

«መሪ ነኝ» የሚል ቃል አትጻፊ። ያደረግሽውን አንድ ነገር ጻፊ። ሐራጅ ሳይደርስ ያስታረቅሽው ተበዳሪ የለም?

ሜክሲኮ_አደባባይ
ነሐሴ 18፣ ከቀኑ 9፡58

አለ። እነዚያ አባት። ባንኩ ብድሩን እንዲያራዝምላቸው ሦስት ገጽ ማስታወሻ ጽፌ ነበር፤ ተቀበሉት። እሱን ማንም ሥራ ብሎ አይቆጥረውም ብዬ ነው።

የካርዲፍ_ዝናብ
ነሐሴ 18፣ ከቀኑ 10፡01

ጻፊው።

ሜክሲኮ_አደባባይ
ነሐሴ 20፣ 2017፣ ከምሽቱ 2፡30

ጻፍኩት። ግን ስሙ ምን እንደገጠመኝ። ሁለተኛው የመረጥኩት ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ ይላክልን ይላል። ሁለት ሳምንት ጠብቄ፣ ሬጅስትራሩ አሽጎ፣ ክፍቱ ላይ ማኅተም መትቶ ሰጠኝ። አምጥቼ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። ዛሬ ከሥራ ስገባ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ትራንስክሪፕቱን እያነበበች ነው። ፖስታው በቢላ፣ በሥርዓቱ፣ ተከፍቷል።

«የውል ሕግ ላይ ቢ ነው ያመጣሽው፤ ያኔ ኤ ነው ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ።

ነገ ጠዋት እንደገና መስኮቱ ጋ ነኝ።